የአክስቴ ላም ግምት

ያን ሰሞን ደብረ ታቦር ውስጥ ጆሮ ያለው ሁሉ ስለ ፈጣኑ ችሎት ሰምቷል። ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት አንዲት ባጃጅ ከጠዋት ጀምራ በየሰፈሩ እየዞረች ትለፍፍ ነበር። ግምታቸው አነስተኛ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክሶች ከእንግዲህ አይጓተቱም፤ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ማመልከቻ ማስጻፍ አያስፈልግም፤ ቀርቦ መናገር ብቻ ነው፤ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ቀጥሎ ዘፈን፣ ከዘፈኑ በኋላ እንደገና ያው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ድምፁ በተሰበረው መስኮት እየገባ ተማሪዎቼን ያሻማኝ ነበር።

እኛን መምህራንን ደግሞ ስለ ማሻሻያው ግንዛቤ ጨብጡ ብለው አዳራሽ ሰበሰቡን። የታሸገ ውኃ ታደለን። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተራ በተራ ማሻሻያውን አሞገሱት፤ የሚያሞግሱት ሲያልቅባቸው እርስ በርሳቸው ተሞጋገሱ። አንዱ «ፍትሕ እንደ ሞባይል ካርድ በየደጃችሁ መጥታለች» አለ፤ ተጨበጨበ። እንዲህ ያለ ንግግር ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። ሐሳቡ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጥፎ አልነበረም። በአንዲት በግ የተካሰሰ ገበሬ ለቀጠሮ ሲመላለስ የበጓን ዋጋ ለመኪና ይጨርሳል፤ ይህን ያላየ ሰው የለም። ቀድሞ በየቀበሌው ይፈርዱ የነበሩት የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞችም መላእክት አልነበሩም። ዘመድ ያያሉ፤ ጠላ ከጠጡበት ቤት ጋር አይጣሉም። አንድ ነገራቸው ብቻ ይናፍቀኛል። ሰው በላም ሲካሰስባቸው ተነሥተው ሄደው ላሟን ያዩ ነበር።

ባጃጇን ከልባቸው ያዳምጧት የነበሩት አክስቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ናቸው። ቤታቸው ከከተማው ወዲያ ጉና ሥር፣ ከገብስ በቀር እህል እንደ ልቡ የማይበቅልበት ብርዳም ቀበሌ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ካቻምና ክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ጭናቸው ተሰበረ፤ በቃሬዛ ወርደው ሐኪም ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር በሁለት የኪራይ ክፍል ይኖሩ ነበር። እግራቸው ከዳነ ከርሟል፤ በምርኩዝ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ። አከራዬ ውኃ ባለቀባት ቁጥር «ዘንድሮ ሰው በዝቷል» ስትል በግድግዳው ይሰማሉ። ምግብ ሳቀርብላቸው ሳይጠግቡ ጠገብሁ ይላሉ። ለእኔ ሸክም አልነበሩም፤ እሳቸው ግን ሸክም ነኝ ብለው ራሳቸውን አሳምነው ነበር።

ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነበር፤ ላማቸው። መሬታቸውን የእኩል የሚያርስላቸው ሰው አለ፤ ከዚያ የሚደርሳቸው ገብስ ግን ክረምቱን አያሻግርም። ላሚቱ ካለች ወተት አለ፣ ለገበያ የሚወጣ ቅቤ አለ፣ ለምድጃ ኩበት አለ፤ ደጃቸው ደጅ ይሆናል። ላሚቱ ከሌለች እስከ ዕለተ ሞታቸው የእኔን እጅ ማየት ነው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ላሚቱን ታመው ሲወርዱ ለአበልጃቸው የርቢ ሰጥተዋታል። የርቢ እንዲህ ነው፦ ተቀባዩ ላሟን ይቀልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ የምትወልደውን ከባለቤቷ ጋር እኩል ይካፈላል፤ ላሟ ራሷ ግን የባለቤቷ ናት፣ በተጠየቀች ቀን ትመለሳለች። ወረቀት የለውም። ከአበልጅ ጋር ደግሞ ምን ወረቀት አለ? የሰውዬውን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሡት አክስቴ ናቸው። በእኛ አገር አበልጅ ከወንድም ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ሰውዬው በዕድሜ አባቴን ያህላል። ልጅ ሳለሁ ጉልበቱን ስሜ አድጌያለሁ። ከችሎቱ ቀን ወዲህ ግን አንቱታዬን ነሥቼዋለሁ፤ እዚህም አልሰጠውም።

መጀመሪያ ላሟን ሲጠየቅ «ድርቆሹ ይግባና» አለ። ቀጥሎ «ጊደሯ ጡት ትጣልና» አለ፤ ላሚቱ እሱ ዘንድ ሳለች ጊደር ወልዳ ነበርና። ሽማግሌ ተላከበት። ሽማግሌዎቹን አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ «አበልጄ እኮ እናቴ ናቸው» ብሎ አልቅሶ ሸኛቸው። አልቅሶ! ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን እየጠረጉ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣት ተወ።

አክስቴ ባጃጇን የሰሟት በዚህ መሃል ነው። አበልጅ መክሰስ ነውር መሆኑን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ለብዙ ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙ። አንድ ጠዋት ግን መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው «በይ ተነሺ፣ ወደዚያ ወደሚለፈፈው ቤት ውሰጂኝ» አሉኝ።

መዝገብ ቤቱ ታድሷል። ግድግዳው ተቀብቷል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ከመስታወት ጀርባ ኮምፒውተር ፊት ለፊት አንድ ወጣት ተቀምጧል። ትሑት ልጅ ነው፤ አክስቴን «እማማ» እያለ ነበር የሚያናግራቸው። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ እሱ በድምፅ ማጉያ ይጠይቃል፣ ባለጉዳዩ ጮኾ ይመልሳል፣ ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። ከኋላችን የቆመችው የአክስቴ የአጥር ጎረቤት ነበረች፤ ሕፃን አዝላ ስለ አንዲት በግ ልትከስ ወርዳለች። ከእሷ ኋላም የዚያው ደብር ሰዎች ነበሩ።

«የንብረቱ ዓይነት?» አለ ልጁ።

«ላም» አሉ አክስቴ።

«ግምቷ ስንት ነው፣ እማማ?»

አክስቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ጠባይ መናገር አለብኝ። ጉና ሥር ማንም ሰው ከብቱን በሰው ፊት አያሞግስም። ዋጋውን አይጠራም፣ ቁጥሩን አይናገርም። በረቱ የሞላለትን ሰው ስንት ከብት አለህ ብትሉት «አንዳንድ ነገር አለች» ይላል። የሰባችውን ከስታለች ይላል፤ የምትታለበውን ነጥፋለች ይላል። ምቀኛ ዓይን እንዳያርፍባት ነው። ሌላ ሰው ዘንግቶ «ላምህ እንዴት አምራለች» ያለ እንደሆነ ወዲያው እንትፍ እንትፍ ማለት አለበት። ካላለ ዓይኑ ክፉ ነው ይባላል፤ ላሟ በታመመች ቀን የበላት እሱ ነው። ጉና ሥር ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅም ያውቃል፤ አነጋገሩ የእኛው አገር አነጋገር ነው።

«ምን ግምት አላት ብለህ ነው ልጄ» አሉ አክስቴ፣ ሰልፉን በጎን እያዩ። «ከሲታ ናት። አጥንቷ የቀረ አሮጊት ላም ናት።»

«እሺ፤ በብር ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«ያንዲት በግ ዋጋ ብታወጣ ነው።»

ክንዳቸውን ያዝሁ። «እትዬ፣ እዚህ ቦታ እንደሱ አይባልም፤ ትክክለኛውን ይንገሩት» አልኋቸው በጆሯቸው። በነጠላቸው ሥር ቆነጠጡኝ። «አፍሽን ያዢ! ሰው ቆሞ የለም ወይ?» አሉ። ጊደሯንማ ጭራሽ አላነሷትም። በሰው ፊት ጊደር አለችኝ ብሎ ማን ይናገራል?

በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ ለልጁ ነገርሁት። ላሟ ጥሩ ላም ናት፣ የበግ ዋጋ አይደለችም፣ ጊደርም አላት፣ አስተካክለው አልሁት። ፈገግ አለ። «ገብቷል እኮ እህቴ። ባለጉዳዩ ራሱ ያለውን ነው የምንመዘግበው። ይስተካከል ካላችሁ አዲስ መዝገብ መክፈት ነው። ደግሞ ዝቅ ማለቱ ለእናንተ ነው የሚበጀው፤ ከፍ ካለ ወደ መደበኛው ችሎት ይሄድባችኋል። እዚያ እንግዲህ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ። ግምቱ ለመዝገብ ያህል ነው፤ የምትጠይቁት ላሟን አይደል?»

ለመዝገብ ያህል። ይህች አነጋገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ቀጠሮው ቶሎ ደረሰ፤ በዚህስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ችሎቱ ንጹሕ ክፍል ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። ዳኛው በዕድሜ የእኔ ታናሽ የሚሆን፣ ካባው የሰፋው ወጣት ነበር። አበልጅ ጋቢውን አጣፍቶ ገባ። ዳኛው ፊት ከመቆሙ በፊት አክስቴ ዘንድ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

«እንዴት ሰነበቱ አበልጄ፤ እግርዎ ተሻለዎት?» አለ።

«እግዜር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት ከረሙ?» አሉ አክስቴ። የሳማቸውን ሰው ሳይመልሱ መተው አይችሉበትም።

እኔ ይክዳል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ለክህደቱ የሚሆን ምስክር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አልካደም። ዳኛው ሲጠይቀው ቀጥ ብሎ ቆሞ «አዎ ጌታዬ፣ ላሟ የሳቸው ናት። የርቢ ሰጥተውኛል። እኔ የሰው ሐቅ የምበላ ሰው አይደለሁም» አለ። አክስቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኔም ደስ አለኝ፤ በሰውዬው ላይ ያሰብሁትን ሁሉ በሆዴ ይቅር ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ዳኛው የኮምፒውተሩን ቁልፎች መታ መታ አደረገና ከስክሪኑ ላይ አነበበ። ተከሳሽ የከሳሽን ላም ያስረክብ፤ ማስረከብ ካልቻለ በክሱ የተመለከተውን ግምት ይክፈል። ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አክስቴ መሬት ሊስሙ በምርኩዛቸው ጎንበስ እንዳሉ ሰውዬው ተናገረ። «ጌታዬ፣ ላሟን እንኳ ማስረከብ አልችልም፤ እጄ ላይ የለችም። ግምቱን ግን እዚሁ አሁኑኑ እከፍላለሁ» አለና ከጋቢው ሥር ፌስታል አወጣ። በጎማ የታሰረ ብር ነው። የአንዲት በግ ዋጋ። አስቦበት፣ አዘጋጅቶት ነው የመጣው። መጥሪያው ሲደርሰው ግምቱ ተጽፎበታል፤ ያነበበለት ሰው ምን ማለት እንደሆነም አስረድቶታል።

«ላሟ የት ሄደች?» አለ ዳኛው።

«ከብት ነው ጌታዬ፤ ይጠፋል» አለ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ላሟ በዚያ ሰዓት ይፋግ በኩል አንድ ዘመዱ በረት ውስጥ ድርቆሽ ስትበላ እንደነበር በኋላ ሰምተናል።

ተነሥቼ ተናገርሁ። ማን ፈቀደልሽ የሚል ሳይመጣ በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት። አክስቴ ላማቸውን ያሳነሱት ዋጋ ስለሌላት አይደለም፤ ሰው ፊት ስለጠየቃችኋቸው ነው፤ አገሩ እንዲህ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ ማን አለ? አልሁ። ዳኛው አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ፍርድ ቤቱ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ግምቱን የተናገሩት ከሳሽ ራሳቸው ናቸው» አለ። ከዚያ የሚቀጥለውን መዝገብ እስኪከፍት ባለችው ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እናቴም እንዲሁ ናት። አምና ወይፈን ጠፍቶባት ፖሊስ ሲጠይቃት ድመት አሳክላ ነው የነገረችው» ብሎ ፈገግ አለ።

ባያውቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ፣ የእኛን ወግ የማያውቅ ዳኛ ቢሆን ንዴቴ ንዴት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ይኸኛው ግን ያውቃል። መዝገብ ቤቱ ያለው ልጅ ያውቃል፣ አበልጅ ያውቃል። ሁሉም እያወቁ፣ አንዲት አሮጊት ከዓይን ስትሸሽ የተናገረችውን ቃል ያዙና እንደ ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቁት። ሁሉም ደግሞ ትሑት ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይላሉ። የዚያ ክፍል አዲስ ቀለም ሽታ ዛሬ ሌላ ቦታ ሲሸተኝ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

በሩ ላይ ታብሌት የያዘች ልጅ ቆማ ነበር። «እማማ፣ በአገልግሎቱ ረክተዋል?» አለቻቸው። ያላወቋት ልጅ በደግ ፊት ጠይቃቸዋለች፤ ክፉ ቃል አይመልሱላትም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ፤ ተባረኪ» አሉ። ልጅቱ ከተደረደሩት የፊት ሥዕሎች ውስጥ የሚስቀውን አረንጓዴውን ነካች። ታብሌቱን ከእጇ ነጥቄ ልወረውረው ነበር፤ አክስቴ ክንዴን ተደግፈው ስለነበር አልቻልሁም።

ብሩን አልተቀበሉም። «ላም አልሸጥሁም» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የችሎቱ ሰዎች ውሰጂው ብለው ለእኔም ሊሰጡኝ ሞክረው ነበር፤ እኔም አልነካሁትም። እስካሁን እዚያው ፍርድ ቤት እጅ ነው ያለው።

ጥር ላይ አበልጅ ሴት ልጁን ሊድር መልእክተኛ ላከ። የክርስትና እናቷ ሳይመጡ ሙሽራዋ አትወጣም ይላል መልእክቱ። እኔ መልእክተኛውን ከበር ልመልሰው ስነሣ አክስቴ ቀደሙኝ። «እንመጣለን በላቸው» አሉ። ከሄደ በኋላ ጮኽሁባቸው። እንዴት ቢንቅዎት ነው፣ እንዴት ቢደፍርዎት ነው አልኋቸው። «ልጅቱ ምን በደለች? ከጥምቀት ውኃው የተቀበልኋት እኔ ነኝ» አሉና ነጠላቸውን ማጠብ ጀመሩ። እውነት ለመናገር እሳቸውንም ተጸየፍኋቸው። ትሕትናቸው አንገሸገሸኝ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይሰበራል አልሁ በልቤ።

ሄድን። ዳሱ ትልቅ ነበር። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ምሳ ከተበላ በኋላ ሁለቱም ወገን ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ የሚሰጠውን ከብት በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል። በመጀመሪያ የወንዱ አባት ተነሥተው «አንድ ደካማ በሬ አለን» አሉ። በሬው ሲመጣ ደረቱ እንደ ግድግዳ ነበር። ሰው ሳቀ፣ እንትፍ እንትፍ አለ፤ ወጉ ነው። ቀጥሎ አበልጅ ተነሣ።

«እኔም ለልጄ አንዲት ነገር አለችኝ» አለ። «ከሲታ ናት። አጥንቷ የቀረ ላም ናት። ጊደርም ተከትላታለች።»

ከዳሱ ጀርባ ሁለቱ ተስበው መጡ። ቀይ ላም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። የአክስቴ ላም። ከጎኗ ጊደሯ። የሰርጉ ሰው ግማሹ የማን ላም እንደሆነች ያውቃል፤ ሁሉም የብርሌውን አፍ ያይ ጀመር። አበልጅ ወደ አክስቴ ዞር ብሎ አላየም። እዚያ መሃል አክስቴን አስቀምጦ፣ የክርስትና ልጃቸውን በላማቸው ሲድር የሚያፍር መስሎኝ ነበር። አላፈረም፤ የሳቸውን ዝምታ ከሳቸው የበለጠ ያምንበት ነበር።

«የክርስትና እናቷ ይመርቁ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አክስቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። በመጀመሪያ ልጅቱን መረቁ። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ጤና ከዕድሜ ይስጥሽ» አሉ፤ አሜን ተባለ። መቀመጥ ሲገባቸው አልተቀመጡም። ወደ ላሟ ዞሩ።

«ይህችን ላም አውቃታለሁ» አሉ። ድምፃቸው መዝገብ ቤቱ መስታወት ፊት ከነበረው ይልቅ ከፍ ያለ ነበር። «ከሲታ አይደለችም። እስቲ እዩዋት። ጀርባዋ ላይ ውኃ ብታፈሱ አይፈስም፣ ይቆማል። አራቱም ጡቷ እኩል ነው። ጠዋት ዕቃ ትሞላለች፣ ማታ ትደግማለች፣ በክረምት አትነጥፍም። ረግጣ አታውቅም፤ ሕፃን ያልባታል። ጉና ሥር እንደሷ ያለች ላም የለችም። ጊደሯ ደግሞ ከእናቷ ትበልጣለች፤ ገና እሷን ታያላችሁ።»

ሰው ሁሉ እንትፍታውን ጠበቀ። አክስቴ እንትፍ አላሉም። ብርሌ የያዘው እጅ ሁሉ ባለበት ቀርቷል።

«ኧረ እትዬ፣ እንትፍ ይበሉ እንጂ!» አለች አንዲት ሴት፣ በማልቀስ ድምፅ።

«አልልም» አሉ አክስቴ። «ዳኛ ፊት ግምቷን ተጠይቄ አሳንሼ ነበር። ግምቷ ይኼ ነው።» ከዚያ ተቀመጡ።

የወንዱ ወገኖች ተንሾካሾኩ። ትንሽ ቆይተው «ላሟ ለጊዜው እዚሁ ትቆይ፤ ሌላ ቀን መጥተን እንነዳታለን» አሉ። እንዲህ የተሞገሰች ላም ማንም በረቱ አያስገባም፤ ሌላ ቀን ብሎ ነገር እንደሌለ ሁሉም ገብቶታል። አበልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። አክስቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አያቸው፤ ያየበት ዓይን የፍርሃት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ያደርንበትን የአክስቴን ቤት በር ስከፍት ላሟና ጊደሯ አጥሩ ላይ ታስረዋል። ያሰራቸው ሰው ደህና አደራችሁ እንኳ አላለም። ግቢው ውስጥ እንዳትሞትበት ነው የሸሻት፤ ሊሸጣትም ወሬው ይፋግ ገበያ ድረስ ይቀድመዋል። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ባጃጇ፣ መስታወቱ፣ ካባው፣ ታብሌቱ ያልቻሉትን አንዲት አሮጊት በአፏ አደረገችው አልሁ። አክስቴ አልሳቁም። የላሟን ጡት በለብታ ውኃ አጥበው ለማለብ ቁጭ አሉ። እኔም ወደ ከተማ ተመለስሁ፤ እሳቸው ቤታቸው ቀሩ።

ለፋሲካ ዕረፍት ልጠይቃቸው ስወጣ ባጃጇ አሁንም ትለፍፍ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስንት መዝገብ በፈጣኑ ችሎት እንዳለቀ ትናገራለች። የአክስቴም መዝገብ ካለቁት መካከል ተቆጥሯል፤ ረክተዋል ከተባሉትም መካከል አለበት። ጆሮዬን ይዤ አልፌያት ሄድሁ።

ላሟ አልሞተችም። ወዝታለች፤ ጊደሯም አድጋለች። ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ቅቤው በቅል ሞልቷል። አክስቴ ግን ከስተዋል። ያላሰብሁት ሌላው ዋጋ ያን ቀን ነው የገባኝ። ወደ ምንጭ አብረን ስንወርድ አንዲት ሴት ጥጆቿን እየገፋች ወደ ግቢዋ አስገባች። ሌላዋ በነጠላዋ የልጇን ፊት ሸፈነች። ሰላምታ ሁሉም ይሰጣሉ፤ እንዴት አደሩ ይላሉ፣ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም። ለማኅበር ይጠሯቸዋል፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። ያን ሁሉ ዓመት ዓይን ፈርተው ላማቸውን ሲያሳንሱ የኖሩት ሴት አሁን የሚፈራው ዓይን የሳቸው ሆኗል። ማንን እንደምጸየፍ አላውቅም። ሰውዬውን ነው፣ ዳኛውን ነው፣ ጥጆቿን የምትገፋዋን ሴት ነው፣ ወይስ በዚያ ጠዋት የሳቅሁትን ራሴን? እንደ ኮሶ ነው የመረረኝ።

ወተት በቅል ሞሉና «ለዚያች ለጎረቤቴ ለልጇ አድርሺልኝ» አሉኝ። ሰልፉ ላይ ከኋላችን ሕፃን አዝላ የቆመችው ናት። በፊት በፊት በየጠዋቱ እንዲህ ይልኩላት ነበር።

ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ልጁን ወደ ኋላዋ አዞረችው። «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤ ዛሬ ሆዱን አሞታል» አለች። ልጁ ከኋላዋ ሆኖ ይስቃል። ግቢ እንኳ አላለችኝም።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቅሉን እንዴት እንደያዝሁት ሲያዩ ገባቸው። ተቀበሉኝና በእጃቸው መዘን አደረጉት።

«ጾም ነው አለችሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጾም ነው አለችኝ» አልኋቸው።

«እሱስ ነው፤ ጾም ነው» አሉና ወተቱን ይዘው ገቡ። በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ዓርብ እንኳ የማይጾምበት።